እምቢ ይላል ብዬ

እሺ ይላል ብሎ ማን አሰበ፣ እሺ አለ እኮ፣ ጋሼ እሺ አለ፣ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እሺ፣ አንዲት ቃል፣ ፀጉር አስተካካዩ ይኸው ከዚያች ቃል ወዲህ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የፍርድ ቤቱን ኮሪደር ወለል ያያል፣ ወለሉ ተወልውሎ ገና አልደረቀም፣ ሰው ሁሉ ጥግ ጥጉን ይዞ ነው የሚሄደው፣ እናቱ በግራው ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከሷ ወዲያ የጋሼ ሚስት፣ ከሚስቱ ወዲያ ራሱ ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ፊት ለፊታቸው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጸጥታ ይከበር ይላል፣ ዝም ብለናል እኮ፣ ከዚህ በላይ እንዴት ዝም ይባላል።

እምቢ ይላል ብሎ ነበር። ሌላ ምንም አይደለም። እምቢ ይላል ብዬ።

አሁን ዳኛው ይጠሯቸዋል፣ ስምምነቱ ይነበባል፣ ይጸድቃል፣ ከጸደቀ ደግሞ አበቃ፣ ፍርድ ቤቱ የመደበላቸው አስማሚ ጠዋት ገና ሲገቡ አስረድታቸዋለች፣ በዚያች ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ጠረጴዛዋ ክብ የሆነችው ማንም ራስጌ እንዳይቀመጥ ነው ብላ ፈገግ እያለች፣ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት የፍርድ ያህል ኃይል አለው፣ ይግባኝ አይባልበትም፣ የወሰናችሁት እናንተው ናችሁ፣ በማን ላይ ይግባኝ ትላላችሁ፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎት ነበር፣ እንዲህ ነው እንጂ ብሏል በሆዱ፣ በእናት ጉዳይ ከወንድም ጋር ክስ ምን ይሉታል፣ ችሎት ፊት ቆሞ ጋሼን ሊሞግት፣ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ አባት የሆነውን፣ ያስተማረውን፣ የመጀመሪያዋን ቶንዶስ ገዝቶ እንካ በዚህች ፀጉር ቆርጠህ ብላ ያለውን ሰው፣ ምላሱ ይቆረጥ እንጂ።

ማመልከቻውን ያስገባው ጋሼ ነው፣ እናታችን አእምሮዋ ስለደከመ የበኩር ልጅ እንደመሆኔ ሞግዚቷ እኔ ሆኜ ከእኔ ጋር እንድትኖር ይወሰንልኝ የሚል፣ የጠበቃ ቋንቋ ነው፣ ጋሼ እንዲህ አይናገርም፣ ጋሼ ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት አለው፣ ሰው እያሳለ ሲገባ መጀመሪያ ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ የሚል ሰው ነው፣ መጥሪያው ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩ የሰው ጢም እየላጨ ነበር፣ ምላጩን አስቀምጦ አነበበው፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነው ደንበኛ ምነው፣ ደኅና አይደለም እንዴ ሲለው ደኅና ነው፣ ወንድሜ ነው የጻፈልኝ አለ፣ ውሸትም አይደለም፣ ከዚያ እሱም ሰው ይዞ መልስ አስጻፈ፣ እቃወማለሁ የምትል ቃል ያለችበት፣ ዕድሜውን ሙሉ ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ቃል፣ ወረቀት ምን ሼም ያውቃል፣ ዳኛው ሁለቱንም አይተው እናንተ ለችሎት የምትሆኑ ሰዎች አይደላችሁም፣ አስማሚ ጋ ሂዱና ተነጋገሩ አሉ፣ ምን ያድርጉ፣ እውነታቸውን ነው።

ተራችን ደረሰ ወይ ትላለች እናቱ። ገና ነው እማዬ። ሰው በዛበት ዛሬ ይሄ ፀጉር ቤት ትላለች። አዎ እማዬ፣ ቅዳሜ ስለሆነ ነው ይላታል፣ ቅዳሜ አይደለም፣ ግን ከሷ ጋር ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ ነው።

የምትኖረው ከሱ ጋር ነው፣ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለው ቤት፣ ቀን ቀን ሦስተኛው ወንበር የሷ ነው፣ መስኮቱ ዳር ያለው፣ ማንም አይላጭበትም፣ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች፣ ያጠፈችውን ትፈታለች፣ እንደገና ታጥፋለች፣ የገባውን ሁሉ የኔ ልጅ ምነው ቆየህ ትላለች፣ ደንበኛውም ለምዶታል፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው እማማ ይላል፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አለ፣ ወሬኛ፣ እማማ ከኋላ ይነሳልኝ ወይስ ይቅር ብሎ ያማክራታል፣ እሷ አየት አድርጋው ከአፍህ ይነሳልህ ትለዋለች፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፣ ጠዋት ደግሞ ሱቁ ሳይከፈት ወንበሯ ላይ አስቀምጦ ፀጉሯን ያበጥርላታል፣ ነጭ፣ ስስ፣ ሲነኩት የሚበን ይመስላል፣ በመስታወቱ ውስጥ ታየዋለች፣ ስሙን ካልጠራች ቆይታለች፣ ልጄ ነህ ወይ ብላም አትጠይቅም፣ እጅህ ጥሩ ነው ትለዋለች፣ ከማን ተማርከው፣ ካንቺ ይላታል፣ ውሸታም ትለዋለች ደስ ብሏት፣ ይኸው ነው፣ ያለው ይኸው ነው፣ ሚስት ላግባ ላግባ ሲል ሳያገባ ቀረ፣ ልጅ የለው፣ ከዚህች የጠዋት ወንበር ሌላ ቤት የምለው ነገር የለኝም፣ እሷን ነው እንግዲህ በገዛ አፌ፣

አይ አፍ።

አስማሚዋን መቼም አይወቅሳትም፣ ወጣት ናት፣ ጎበዝ፣ ጠርሙስ ውሃ ደርድራ፣ ሶፍት አስቀምጣ፣ እዚህ የተባለው እዚሁ ይቀራል፣ ብንስማማም ባንስማማም ዳኛው ጆሮ አይገባም፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ የሚፈልጉትን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚፈልጉት ይንገሩን፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ አለች፣ ይህን ያለችው እነሱ ሽማግሌ ብጤ መስለዋት ሳይሆን አይቀርም፣ ጋሼ ጀመረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰው ይለኛል አለ፣ ዘመድ ይለኛል፣ ታላቅ እያለ ታናሽ ይጦራል ወይ ይለኛል፣ ከዚያ ባለፈው ልጠይቃት ስመጣ አለ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ባለፈው ስመጣ አየችኝና፣ ይሄ ሰውዬ ተራ እየጠበቀ ነው ወይ አለች፣ እናቴ፣ ተራ እየጠበቀ ነው ወይ አለችኝ።

ጋሼ አለቀሰ፣ ጋሼ እኮ ነው፣ የአባታችን ቀብር ላይ ያላለቀሰው፣ እኔን ከእቅፉ ሳያወርድ ቆሞ የዋለው፣ ይህ ሲያለቅስ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ሰው ነው ወይ፣ ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረም፣ አፉ ራሱ ነው የተናገረው፣ ጋሼ ተው፣ ካንተ የሚበልጥብኝ የለም፣ እማዬ አንተው ጋ ትሁን።

እና ጠበቀ። ማንም ሰው እንደሚጠብቀው። የለም የለም፣ እንዴት ተደርጎ፣ አንተ ነህ የደከምክላት፣ እኔ እየተመላለስኩ እጠይቃታለሁ እንጂ፣ እንዲህ ይላል ጋሼ፣ ከዚያ እሱ ኧረ ግዴለም ይላል፣ ጋሼ ደግሞ በሞትኩት ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም ይተቃቀፋሉ፣ እማዬ ባለችበት ትቀራለች፣ የሁለቱም ክብር ይጠበቃል፣ ይሄ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ነገር አይደለም፣ ሱቁ ውስጥ በየቀኑ ያየዋል፣ ሁለት ሰው እኩል ይገባል፣ አንተ ቅደም፣ ኧረ አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ትቸኩላለህ፣ በመጨረሻ የሚቀመጠው መጀመሪያ የገባው ነው፣ ማንም ተራውን አጥቶ አያውቅም፣ ሰጠሁህ ማለት አየሁህ ማለት ነው፣ አከበርኩህ ማለት ነው፣ እምቢ ማለት ደግሞ እኔም አየሁህ ማለት ነው፣ ይህን ያስተማረቻቸው ራሷ እማዬ ናት፣ ልጆች ሳሉ ሳህኑ ላይ አንድ ቁራሽ ዳቦ ስትቀር አንተ ብላ፣ አይ አንተ ብላ ሲባባሉ ቁራሿ ደርቃ ታድራለች፣ እሷ ቁጭ ብላ በኩራት ታያቸዋለች፣ ጨዋ ልጆች ናቸው የኔ ልጆች ትላለች ለጎረቤት፣ ይኸው ጨዋ ልጆች፣ ዛሬ ሳህኑ ላይ ያስቀመጧት እሷኑ ነው።

ግን ጋሼ የለም አላለም። ዝም አለ። መነጽሩን ይዞ ዝም። እዚያ ዝምታ ውስጥ አስማሚዋ ገባች፣ በትክክል ተረድቼዎት ከሆነ አለች፣ እናትዎ ከታላቅ ወንድምዎ ጋር እንዲኖሩ ሐሳብ እያቀረቡ ነው፣ ሐሳብ እያቀረቡ ነው ሲባል እንዴት ያለ ትልቅ ነገር ሆነ፣ እሱ ያቀረበው ሐሳብ አይደለም፣ ያቀረበው፣ ምን እንደሚባል እንጃ፣ ወንበር ነው፣ ለታላቅ ወንድም ከመቀመጫ ብድግ ማለት ነው፣ ግን ይህን ለማን ያስረዳል፣ አዎ አለ፣ ምን ይበል፣ አይ፣ እምቢ እንዲለኝ ብዬ ነው ይበል?

እሷ ደግሞ ሥራዋን ታውቃለች፣ አላጣደፈችም፣ ለየብቻ ላነጋግራችሁ አለች፣ መጀመሪያ እሱን ወሰደችው፣ ከጎን ያለች ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና አንድ መስኮት፣ እዚህ የሚነግሩኝን እርስዎ ካልፈቀዱ ለወንድምዎ አልነግርም አለችው፣ ሐሳብዎ ነው ወይ፣ ጫና አለብዎት ወይ፣ ስለ እናትዎ ሲያስቡ ከሁሉም የሚፈልጉት ምንድነው፣ ወይኔ፣ ጠየቀችኝ እኮ፣ ጠየቀችኝ፣ ብዕሯን አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የጠየቀችኝ፣ እሱም ኧረ ምን ጫና አለ፣ የምፈልገው ሰላም ነው አለ፣ እንደ ፖለቲከኛ፣ ሰላም ነው፣ ለምን ቢሉ በሆዱ ቀጥሎ የሚገባው ጋሼ ነው ብሎ ነዋ፣ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጋሼ እንደ ሰው እምቢ ይላል፣ ታናሼን እንዲህማ አላደርገውም ይላል፣ ያለቀለት ነገር ነው፣ ጋሼ ውስጥ ሳለ እሱ ከእማዬ ጋር ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ምን ዓይነት ምሳ እንደሚጋብዛቸው ሁሉ እያሰበ ነበር፣ ከሁለቱ ምግብ ቤት የቱ ይሻላል፣ ደረጃ የሌለው፣ ለሷ እንዲመች።

ተመለሱ፣ ተቀመጡ፣ ጋሼ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ።

እሺ።

ሲለው ፊቱ እንደ አመድ ነበር፣ አሁን ነው የሚታየው፣ ሰው የሚፈልገውን አግኝቶ እንዲህ አመድ ይሆናል ወይ፣ ጋሼ ሊወስዳት አልመጣም፣ ጋሼ ሊጠይቅ ነው የመጣው፣ ጠይቄ ነበር ለማለት፣ ታግዬ ነበር፣ ታናሼ አልሰጥም አለኝ ለማለት፣ ለዘመዱም፣ ለራሱም፣ የሱ እምቢታ ነበር የቸገረው፣ የኔ እምቢታ፣ እሱ የኔን ሲጠብቅ እኔ የሱን ስጠብቅ፣ ወይ ጉድ፣ እና በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር፣ ጋሼ እንደምንም ብሎ፣ ትንሽ ቀን ቢሰጠን አለ፣ ቤቱ ደረጃ አለው፣ መያዣ እስክናስገባ፣ መውጫ ነበረች ያቺ፣ በር ነበረች፣ እሱ ግን አሁንስ ያፍራል ብሎ፣ እዚህ ላይ እንኳ የለም ሳይል አይቀርም ብሎ፣ ደግሞ ቅር ያለኝ እንዳይመስለው ብሎ፣ ለኔ ብለህ አትቸገር ጋሼ፣ ኧረ ዛሬውኑ ውሰዳት አለ፣ ዛሬውኑ፣ ጋሼም አየው፣ ረጅም አስተያየት ነው ያየው፣ እሺ፣ ዛሬ አለ፣ አስማሚዋ ሰሌዳው ላይ በሰማያዊ ብዕር ዛሬ ብላ ጻፈች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም አለች፣ እውነቷን ነው፣ እኔም አይቼ አላውቅም።

የጋሼ ሚስት እማዬን ሽንት ቤት ይዛት ትሄዳለች፣ ቀስ እያሉ፣ በደረቀው በኩል፣ አግዳሚው ላይ ሁለቱ ይቀራሉ፣ በመሀላቸው የሁለት ሰው ቦታ፣ ጋሼ ቀረብ ይላል፣ የመድኃኒት ቤት ሽታ አለው ሁሌም፣ ኮቱ ውስጥ ገብቶ የቀረ፣ ደክመህ ነበር እንዴ ይለዋል ቀስ ብሎ። ማን፣ እኔ? አዎ አንተ፣ ይሄን ያህል መሮህ እያለ ምነው ሳትነግረኝ፣ ዛሬውኑ እስክትል ድረስ፣ እኔ ደኅና ነኝ ስትለኝ አምኜህ፣ ደደብ ነኝ እኔ፣ ይቅር በለኝ፣ ፀጉር አስተካካዩ አፉን ይከፍታል፣ አልደከመኝም፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጠዋት ደክሞኝ አያውቅም፣ ይህን ለማለት፣ ግን ይህን ካለ ጋሼ እና ለምን ሰጠኸኝ ይለዋል፣ እምቢ ትላለህ ብዬ ይለዋል፣ ያን ጊዜ ጋሼ እናቱን እሺ ብሎ በመቀበሉ ሊያፍር ነው፣ እናትን እንደ ተረፈ ምግብ እምቢ ማለት ነበረብህ ብሎ ሊያሳፍረው ነው፣ በዚያ ላይ አላምንህም ማለት ነው፣ አንተ አትችልም ማለት ነው፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ አሉ፣ ግዴለም ጋሼ ይላል፣ አንተም አረፍ ትላለህ ይላል ጋሼ፣ አዎ ይላል፣ አንተም ትግባባታለህ ቀስ በቀስ፣ እንጃ ይላል ጋሼ፣ ወለሉን እያየ፣ ስታየኝ ትፈራለች እኮ፣ እንደዚያ ይላል፣ ስታየኝ ትፈራለች፣ ወንድሜ ልብ በል፣ ይላል በሆዱ፣ ይህን ከተናገርክ አይቀር ጨርሰው፣ አንተ ጋ ትቅር በልና ጨርሰው፣ እግርህን ልሳም፣ ጋሼ ግን ትንፋሹን ብቻ ነው የሚጨርሰው፣ የዳኛው ጸሐፊ በሩን ከፍታ መዝገቡን ትጠራለች።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መዝገብ እስከ ጣሪያ፣ ዳኛው ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ፀጉራቸውን ያያል፣ ልማድ ነው፣ ከቀኝ በኩል በደንብ አልተነሳም፣ ማነው የቆረጣቸው፣ አሁን ይሄን ያስባሉ፣ አሁን፣ አስማሚዋ ከጎን ቆማለች፣ እማዬን ወንበር ሰጧት፣ ዳኛው ያነባሉ፣ ግራ ቀኙ በአስማሚ ፊት ባደረጉት ስምምነት መሠረት፣ አመልካች የእናታቸው ሞግዚት ሆነው፣ ተጠሪም ተቃውሟቸውን ትተው፣ ከዛሬ ጀምሮ፣ ስምምነቱ ለሕግና ለሞራል ተቃራኒ አለመሆኑን ፍርድ ቤቱ ተገንዝቦ፣ ቃላቱ ያምራሉ፣ ማንም ማንንም አልበደለም በነሱ ውስጥ፣ ዳኛው ቀና ይላሉ፣ እናቲቱን ይጠይቃሉ፣ እማማ፣ ልጅዎ ጋ ሊሄዱ ነው፣ ተስማምተዋል? እማዬ ፈገግ ትላለች፣ ተቀመጡ ትላቸዋለች፣ ይደርሳችኋል፣ ዳኛው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ማንም አይስቅም።

አመልካች፣ በነፃ ፈቃድህ ነው? አዎ ክቡር ዳኛ፣ የጋሼ ድምፅ። ተጠሪ፣ አንተስ፣ የተገደድክበት፣ የተታለልክበት ነገር የለም? ካጸደቅሁት በኋላ መመለስ የለም፣ ይገባሃል? ይገባኛል። በፈቃድህ ነው? ጋሼ ዞር ብሎ ያየዋል፣ ያ ዓይን ምን እያለ ነው፣ በል እያለ ነው ወይስ አትበል፣ ማነው አሁን የሚነግረኝ፣ አዎ በፈቃዴ ነው ይላል። የምትጨምረው አለ? አለ።

አለ ይላል፣ ሁሉም ይዞራል፣ ጋሼ ቀና ይላል፣ እንደዚያ ቀና ሲል አይቶት አያውቅም፣ እንደ ልጅ፣ ፊቱ ላይ ደም ይመጣል፣ ጸሐፊዋ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፣ አሁን ነው፣ አሁን ካልሆነ የለም፣ እቃወማለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ነበረች እኮ፣ እቃወማለሁ፣ አፉን ይከፍታል፣ የሚወጣው ግን፣ ፀጉሯን፣ ይላል፣ ፀጉሯን ሲያበጥሩ ከጫፉ ነው የሚጀመረው፣ ከሥሩ ከጀመሩት ያማታል፣ አትናገርም እንጂ ያማታል፣ ውሃ በብርጭቆ አትጠጣም፣ ኩባያ ነው፣ ጆሮ ያለው፣ መስኮት ዳር ትቀመጥ፣ የሚታጠፍ ነገር ይሰጣት፣ ፎጣም ቢሆን፣ አጥፈሽዋል እኮ አትበሏት፣ ሰው ሲገባ ቆየህ ካለች ሥራ በዝቶብኝ ነው ነው መልሱ፣ ማነህ ካለችህ ጋሼ፣ እኔ ነኝ አትበላት፣ እኔ ነኝ ሲሏት ትደነግጣለች፣ ማን እመስልሻለሁ ብለህ ጠይቃት፣ የምትልህን ሁን፣ ጋሼ እሺ ይላል፣ እሺ፣ እሺ፣ ፊቱ ላይ የመጣው ደም ተመልሶ ይሄዳል፣ ዳኛው አያቋርጡትም፣ መነጽራቸውን አውልቀው ይሰማሉ፣ ሲጨርስ፣ አልጨረሰም፣ ዝም ሲል፣ ይህ መዝገብ ላይ አይገባም ይላሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ ለወንድምህ ነግረኸዋል፣ ይበቃል፣ ስምምነቱ ጸድቋል።

ውጭ ፀሐይ ነው፣ ዓይን ይወጋል፣ የጋሼ መኪና ከአጥሩ ጥግ ቆማለች፣ አስማሚዋ ደረጃው ላይ ሆና እጇን ታውለበልባለች፣ ልብሷን ነገ ማታ እልካለሁ ይላል፣ ግዴለም ትላለች የጋሼ ሚስት፣ እኛም ጋ አይጠፋም፣ ጥሩ ሴት ናት፣ ክፉ ሰው እኮ የለም እዚህ ውስጥ፣ አንድ ክፉ ሰው ቢኖር እንዴት ይቀል ነበር፣ ጋሼ የፊተኛውን በር ይከፍታል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋላታል፣ በዪ እማዬ፣ ግቢ።

አልሄድም ትላለች እናቱ።

የመኪናውን በር ይዛ ቆማለች፣ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል፣ አልሄድም፣ በግልጽ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈ ድምፅ፣ ልጆች ሆነው ይሰሙት የነበረው፣ ጋሼ ሳቅ ይላል፣ እንግዳን ቤት ሲያስገቡ የሚሳቀው ሳቅ፣ ኧረ ግቢ እማዬ፣ እንዴት ይሆናል፣ አልሄድም ትላለች፣ ሚስቱ ትከሻዋን አቀፍ ታደርጋለች፣ በኔ ሞት እማማ፣ ግቡልን፣ አይ ልጄ እግዜር ይስጥልኝ፣ አልሄድም፣ የምትለው እውነቷን ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ እውነቱን የተናገረ ሰው እሷ ብቻ ናት፣ ግን ማን እምቢታ ይሰማል፣ እምቢ ሲሉ እንደገና ይለመናል፣ ራሷ ናት ያስተማረችን፣ አሁን ሁለቱም ዞረው እሱን ያያሉ፣ ሦስተኛው ልመና የሱ ነው፣ ጋሼ በሩን እንደያዘ ያየዋል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ አልሄድም አለች ብቻ ልበል፣ ሰምታችኋል፣ አልሄድም ብላለች ልበል፣ ሰው አይቀየመኝ፣ ፍርድ ቤት አይቀጣኝ፣ ጋሼም ይኸው እየጠበቀኝ ነው፣ አልሄድም አለች በል አንተ ሰው፣ ግን እጁ ቀድሞታል፣ እጁ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከበሩ ላይ እያላቀቀ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ከጫፍ ጀምሮ፣ እንዳያማት።

ግቢ እማዬ ይላል፣ ሰው ሲለምንሽ።

ታየዋለች። መስታወት የለም በመሀላቸው። አንተ ካልክማ እሺ ትለዋለች፣ ጎንበስ ብላ ትገባለች።